ቦርዱ 2666 ይላል፣ ራሙ 3200፤ ማንን እንመን?

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ጎንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይጨነቃል። አንዱ ለጥምቀት እንግዳ ማረፊያ የሚያሰናዳው ነው። ሌላው ቪዲዮ ኤዲተሩ ነው። ጥር ሲገባ ሰርጉም ጥምቀቱም በአንድ ላይ ይመጣበታል። ካሜራው ሞልቶ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥራው መሀል ላይ ስታክ ያደርጋል።

እንዲህ የጨነቀው አንድ ወዳጄ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ጠባብ ክፍሌ ብቅ አለ። ዴስክቶፑን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ ታቅፎታል። ከላዩ ላይ ገና ያልተከፈተ ካርቶን አስቀምጧል። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ፍሬ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ማስታወሻ፣ አለ፤ ስምንት ስምንት ጊጋ። ፊቱ ላይ በትልቁ 3200 ተጽፏል፤ የራሙ ፍጥነት ነው። ሁሉም ክፍል የሚሰካበት የማዘርቦርዱ መመሪያ ግን ለእሱ ፕሮሰሰር የሚፈቅደው እስከ 2666 ድረስ ነው።

«ወንድሜ፣ ቦርዱን ያቃጥልብኛል እንዴ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

ሻጩ «ግዴለም፣ ይሠራል» ብሎታል። የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ «እንዳትሰካው፣ ቦርዱ ይነዳል» ብሎ አስፈራርቶታል። የጎረቤቱ ልጅ ተሳስቷል። ሻጩም ቢሆን ሙሉውን አልነገረውም።

መልሱን ላስቀድም። ፈጣን ራም ቀርፋፋ ቦርድ ላይ ብትሰኩ የሚቃጠል ነገር የለም። የራሙ ትውልድ ይስማማ እንጂ፤ ዲዲአር3 ለዲዲአር3፣ ዲዲአር4 ለዲዲአር4። ትውልዱ ካልተስማማ ቀድሞውንም አይገባም። የራሙ ወርቃማ ጥርስ መሀል ላይ ያለችው ክፍተት ከትውልድ ትውልድ ቦታዋ ይለያያል። በጉልበት ካላስገባችሁት በቀር ማለቴ ነው። በጉልበት ያስገባ ሰው አይቻለሁ። መሰኪያው ተሰንጥቆ ነው ይዞት የመጣው።

ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚሆነው እንዲህ ነው። ራሙ ላይ ከተደረደሩት ጥቁር ቺፖች ሌላ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ኤስፒዲ ይሏታል። የራሙ መታወቂያ ወረቀት በሏት። ይህን ያህል ጊጋ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት እሠራለሁ፣ ይህን ያህል ቮልት እፈልጋለሁ የሚል ሰንጠረዥ ውስጧ ተጽፏል። ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም፣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ከዚያ ራሙ የሚችለውን እና ፕሮሰሰሩ የሚፈቅደውን አስተያይቶ በዝቅተኛው ይስማማል። ፈጣኑ ራም በቀርፋፋው ልክ ይራመዳል። አለቀ።

ነገሩ የሚጣፍጠው ግን «አለቀ» ካልን በኋላ ነው። ምክንያቱም ያ 2666 ግድግዳ አይደለም።

ባጃጅን አስቡ። ፋብሪካው ከኋላ ሦስት ሰው ብሎ ነው የሠራው። እኛ ግን ከፒያሳ ወደ ማራኪ ስንሄድ ሾፌሩ ጎን አንድ ሰው ይለጠፋል፤ አንዳንዴም ሁለት። ሜዳው ላይ ምንም አይል። ዳገቱ ላይ ያቃስታል። ፋብሪካው ሦስት ሲል አራተኛው ሰው ሲቀመጥ ባጃጁ ይፈርሳል ማለቱ አይደለም። ለሦስቱ እኔ አለሁ፣ ከዚያ በላይ ላለው እናንተ ታውቃላችሁ ማለቱ ነው። የማዘርቦርድ መመሪያ ላይ ያለው የራም ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። የዋስትና ቁጥር ነው።

ዋስትናውን የሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ራሱ አይደለም። ሰው ሁሉ «ቦርዱ አይችልም» ይላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የምለው። ድሮ እውነት ነበር። ራሙን የሚያዘው ክፍል ቦርዱ ላይ ካሉት ቺፖች በአንዱ ውስጥ ነበር። ከሁለቱ ፕሮሰሰር ሠሪዎች ኤኤምዲ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው አትሎን 64፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በጀመረው የኮር አይ7 ትውልድ ይህን ክፍል ወደ ፕሮሰሰሩ ሆድ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጠው ፕሮሰሰሩ ነው። ቦርዱ መንገድ ነው። ራሙ ተጓዥ ነው። ሦስቱም ካልተስማሙ ጉዞ የለም።

ፕሮሰሰሩም ቢሆን አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም የሚናገረው። የወዳጄ ማሽን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ ራይዘን ነው። ለዚህ ፕሮሰሰር ኤኤምዲ የሰጠው ቃል እንዲህ ይነበባል። ቺፑ በአንድ ረድፍ የተደራጀ ሁለት ራም ከሰካችሁ 2666። በሁለት ረድፍ የተደራጀ ሁለት ራም ከሆነ 2400። አራቱንም መሰኪያ በባለ አንድ ረድፍ ከሞላችሁ 2133። አራቱም ባለ ሁለት ረድፍ ከሆኑ 1866። ሸክሙ ሲበዛ ፍጥነቱ ይወርዳል። መንገድ ላይ ያለ ጭነት መኪና ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። አዲሶቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2022 የወጣው ራይዘን 7000 ሁለት ዲዲአር5 ሲሰካለት 5200 ይላል፤ አራት ሲሆኑ 3600 ብሎ ዝቅ ይላል።

በነገራችን ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ብዙ ቦታ 2133 ሜትር ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብዙ ዲዲአር4 ራም ደግሞ ባዮስ ውስጥ ማንም ካልነካው የሚቆመው 2133 ላይ ነው። ይህን ለወዳጄ ስነግረው አልሳቀም። እኔ ግን እስካሁን ያስቀኛል።

እንግዲህ ካርቶኑ ላይ ያለው 3200 ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የገዢ ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት 3200 አለ። ስማቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸው ለየቅል። የመጀመሪያው ደረጃውን የጠበቀው ነው። ጄዴክ የሚባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ማኅበር ለዲዲአር4 እስከ 3200 ድረስ ደረጃ አውጥቷል፤ ቮልቴጁም 1.2 ነው። ይህ ራም መታወቂያው ላይ በግልጽ 3200 ተጽፎለታል። የሚችል ማሽን ካገኘ ማንም ሳይነካው 3200 ይሄዳል።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የብረት ልብስ የለበሰው፣ አንዳንዱም መብራት የሚያበራው ነው። የዚህ መደበኛ መታወቂያ 2133 ወይም 2400 ወይም 2666 ሊል ይችላል። 3200 የተጻፈው በሌላ ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ ኤክስኤምፒ ይባላል። ኢንቴል በ2007 እ.ኤ.አ. ያመጣው አሠራር ነው። ኤኤምዲ ለዲዲአር5 ኤክስፖ የሚል የራሱን አምጥቷል። የዲዲአር4 ኤክስኤምፒ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይጠይቃል። ይህ ገጽ የሚነበበው ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ «ክፈተው» ካላችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየው 3200 ብሎ ይገዛል፣ ይሰካል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ማሽኑ ግን ለዓመታት በ2133 ይሠራል። ማንም አይነግረውም።

መለያው ቀላል ነው። ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። 1.2 ካለ የመጀመሪያው ነው። 1.35 ካለ ሁለተኛው። ሻጩን ከመጠየቅ ወረቀቱን ማየት ይሻላል። ሻጩ ይሠራል ነው የሚለው። ይሠራልም፤ ውሸት አልተናገረም።

የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ አለ። ኤክስኤምፒ የማይከፍት ማሽን ላይ ውዱ ባለ ብረት ልብስ ራም ከርካሹ ሊያንስ ይችላል። ርካሹ ሳይነኩት 2666 ይሄዳል። ውዱ መደበኛ መታወቂያው 2133 ከሆነ እዚያው ይቀራል። ይህንን ለአንድ ጡረታ ለወጡ መምህር ማስረዳት ነበረብኝ። ስላይትሊ ዩዝድ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተዋል። ፈጣን ራም ጨምርበት ብለው ጨዋታ የሚወድ የልጅ ልጃቸው ወትውቷቸዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን ባዮሱ ውስጥ የራም ፍጥነት የሚባል ቦታ የለውም» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከተማችን ውስጥ ካሉት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ እንደ ጋሼ ማሽን ናቸው። ውጭ አገር ቢሮ ያገለገሉ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ባዮሳቸው ግን በር የለውም። የአራተኛው ትውልድ ኮር አይ5 ያለው አንድ የቢሮ ማሽን 1600 ዲዲአር3 ነው የሚሄደው። 1866 ብትሰኩበት 1600 ይሆናል። እሱን ለማፍጠን ብላችሁ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ። ላፕቶፕም እንደዚሁ ነው፤ ከጥቂቶቹ በቀር ባዮሱ ዝግ ነው።

በሱቅ የሚሸጡት ቦርዶች ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱ ትንሽ ያናድደኛል። ኢንቴል ለረጅም ጊዜ ከገደብ በላይ የራም ፍጥነት የሚፈቅደው ስማቸው በዜድ በሚጀምረው ውድ ቦርዶች ላይ ብቻ ነበር። ቢ365 ወይም ቢ460 የሚባለውን ቦርድ የገዛ ሰው ፕሮሰሰሩ ከሚለው ቁጥር አያልፍም፤ 2666 ወይም ከፍ ካለ 2933። ራሙ ይችላል፣ ፕሮሰሰሩም ምናልባት ይችላል፣ በሩ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ የገበያ ቁልፍ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሕግ አይደለም። በ2021 ቢ560 ሲመጣ ተከፈተ። ያኔ «አዲስ ነገር» ተብሎ ተሸጠ። ኤኤምዲ በዚህ በኩል ለጋስ ነበር። ርካሹ ኤ320 ቦርድ እንኳ ፕሮሰሰሩን ማፍጠን ባይፈቅድም የራሙን ፍጥነት ማሳደግ ይፈቅዳል። የወዳጄ ቦርድ እሱ መሆኑን ሳይ ነው «ቁጭ በል፣ እንሞክረዋለን» ያልኩት።

ከመሞከራችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት። እስካሁን ስንት ራም ነበረህ? «አንድ ፍሬ፣ ስምንት ጊጋ» አለኝ። ችግሩ ያ ነበር። ፍጥነቱ አልነበረም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ራም በአንድ ጊዜ ስምንት ባይት ያቀብላል። 3200 የሚሄድ አንድ ራም በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያቀብላል ማለት ነው። 2133 የሚሄድ ደግሞ 17 ገደማ። ቦርዱ ግን ሁለት መንገድ አለው። ሁለት ፍሬ በትክክለኛው መሰኪያ ላይ ስትሰኩ ሁለቱም መንገድ ይከፈታል። ሁለት ፍሬ በ2133፣ 34 ጊጋባይት ይሆናል። ሁለት ቀርፋፋ ከአንድ ፈጣን ይበልጣል። በብዙ ሱቅ ግን ሰው አንድ ትልቅና ፈጣን ፍሬ ገዝቶ ሁለተኛውን መንገድ ባዶውን ይተወዋል። መንገዱ ላይ ሣር ይበቅላል።

መሰኪያው አራት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። ጎን ለጎን ከተሰኩ ሁለቱም አንድ መንገድ ላይ ይሰለፋሉ። እኔ ጋ ከመጡት ማሽኖች ስንቱን እንዲህ ተሰክቶ እንዳገኘሁት አልቆጠርኩም እንጂ ብዙ ነው። ቦታውን በመቀየር ብቻ ሰው አስደስቻለሁ። ገንዘብ ለመቀበል እስካፍር ድረስ።

ታዲያ ፍጥነት ምንም አይጠቅምም? ይጠቅማል፤ ሥራውን ያያል እንጂ። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ የሰርግ ካርድ የሚያትም ሰው በ2133 እና በ3200 መሀል ያለውን ልዩነት አያየውም። ካየው ራሱን እያታለለ ነው። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው የግራፊክስ ካርድ በሌለው፣ ምስሉን ፕሮሰሰሩ ራሱ በሚሠራው ማሽን ላይ ነው። እዚያ ራሙ የምስልም ሥራ ይሠራል። ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ወዲያው ያውቀዋል። ራይዘን ላይም ይታያል። ምክንያቱም በእነዚያ ቀደምት ትውልዶች የፕሮሰሰሩ ክፍሎች የሚነጋገሩበት የውስጥ መንገድ ከራሙ ምት ጋር ነው አብሮ የሚሮጠው። ራሙ ሲፈጥን ወሬውም ይፈጥናል።

ፍጥነት ብቻውን ግን አሳሳች ነው። ሲኤል የሚባል ቁጥር አለ። ራሙ «አምጣ» ከተባለ በኋላ ስንት ምት እንደሚጠብቅ ይነግራል። የድሮው ዲዲአር3 1600 ሲኤል 11 ነው። ያንን ወደ ጊዜ ስትቀይሩት 13.75 ናኖ ሰከንድ ይመጣል። ርካሹ ዲዲአር4 3200 ሲኤል 22 ነው። እሱም 13.75 ናኖ ሰከንድ። ቁጭ አንድ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ አደገ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ የሚደርስበት ሰዓት ግን አንዲት ስንዝር አልቀረበም። ከዚያ በኋላ የሚከታተለው ጉርሻ ነው የፈጠነው። ባለ ብረት ልብሱ 3200 ሲኤል 16 ግን 10 ናኖ ሰከንድ ነው። ዋጋው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላ ሰውን የሚያጣላ ነገር ላንሳ። ራም ገዝቶ ሄዶ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ሲያየው 1600 ይለዋል። «3200 ብሎ 1600 ሸጠልኝ! ፎርጅድ ነው!» ብሎ ሱቁን ያተራምሳል። አልተታለለም። ዲዲአር ማለት በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ማቀበል ነው። ሰርግ ቤት ከበሮው አንዴ ሲመታ ሁለት ጊዜ እንደሚያጨበጭቡት ነው። ፕሮግራሙ ከበሮውን ይቆጥራል። ካርቶኑ ጭብጨባውን ይጽፋል።

አሁን ወደ ወዳጄ ማሽን ልመለስ። ክዳኑን በካቻቪቴ ፈታሁ። የፋሲካ በግ የታረደበት ግቢ ይመስል አቧራው ጠጉር አብቅሏል። ነፋሁት። የድሮውን ራም አወጣሁ፤ ጥርሱን በላጲስ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት፤ ለሌላ ሰው ይሆናል። አዲሶቹን ሰካሁ፤ ቀጭ አሉ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። 2133። የጠበቅሁት ነው።

ባዮስ ገባሁ። ኤክስኤምፒን ከፈትሁ። 3200 አለ። አስቀምጬ ወጣሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ምስል የለም። ወዳጄ ከወንበሩ ተነሣ። «ነደደ!» አለ።

አልነደደም። ባዮስ አዲሱን ፍጥነት እየለመደ ነው። ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። አንዳንዱ ቦርድ ሦስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። አንዳንዱ ርካሽ ቦርድ ይህን ጨዋነት አልተማረም፤ እንደ ጠቆረ ይቀራል። ያኔ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ያለችውን የሰዓት ባትሪ የምትመስል ክብ ባትሪ ታወጣላችሁ። ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ባዮስ የተነገረውን ሁሉ ይረሳል። እኔ በዚያ ጊዜ ቡና አዝዛለሁ። ባትሪውን ስመልሰው ተነሣ፤ ወዳጄም ቀለሙ ተመለሰ።

ኤክስኤምፒን እንደገና ከፈትሁ፤ በሁለተኛው ሙከራ 3200 ላይ ተነሣ። ዊንዶውስ ገባ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ወዳጄ ፎጣውን አነሣ። «በቃ፣ ሠርቷል፤ ስንት ልክፈል?»

«ቆይ፣ አልሠራም ገና» አልኩት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመት በፊት የራሴን ማሽን ከተፈቀደው በላይ አድርጌ ነበር። ተነሣ። ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ። በዚያ መሀል የቤተሰብ ፎቶዎችን በሙሉ በአንድ ዚፕ ፋይል ጠቅልዬ ወደ ሌላ ዲስክ አዛወርሁ፤ ዋናውን አጠፋሁት። ከወራት በኋላ ልከፍተው ስል ፋይሉ ተበላሽቷል አለኝ። ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። የቀረው ውስጥ የእናቴ ስድሳኛ ዓመት ልደት ነበረ። ራሙ ለአንዲት ቅጽበት አንዲት ዜሮን አንድ ብሎ አቀብሏል። ማሽን ሲወድቅ የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ፣ ብሉ ስክሪን፣ የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም ብሎ ዋሸ።

ከገደብ በላይ መሮጥ እውነተኛ አደጋው ይህ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ስህተት ነው። እሳት ቢሆን ያዩታል። ቪዲዮ ላይ ሲሆን አንድ ፍሬም ላይ አረንጓዴ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ዊንዶውስ ላይ ሲሆን በየሳምንቱ ብሉ ስክሪን። ባለቤቱ ፎርማት ያስደርጋል። እንደገና ይመጣል። እንደገና ፎርማት። ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ የመጣ ማሽን ሳይ የመጀመሪያ ሥራዬ ኤክስኤምፒን መዝጋት ነው። ዲዲአር5 ውስጡ ስህተት የሚያርም ነገር አለው ይባላል፤ እውነት ነው። የሚያርመው ግን ቺፑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚበላሸውን አይደርስበትም።

ስለዚህ ፍተሻ ግድ ነው። ሜምቴስት86 የሚባል ፕሮግራም አለ። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከዊንዶውስ በፊት ይነሣል። ራሙ ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያስተያያል። ስህተት ካገኘ በቀይ ይጽፋል። አንድም ቀይ መስመር መኖር የለበትም። «ሁለት ስህተት ብቻ ነው ያለው» የሚባል ነገር የለም።

የወዳጄን ማሽን በ3200 ለቀቅሁት። አርባ ደቂቃ ገደማ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀይ። ከዚያ ደግሞ ቀይ። ምናልባት የፕሮሰሰሩ ድክመት ነው። ያ የመጀመሪያ ትውልድ ከ3000 በላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ምናልባት ቦርዱ ነው፤ ርካሽ ቦርድ ላይ የራሙ መስመር እንደ ውዱ በጥንቃቄ አይሳልም። ራሙ ሌላ ማሽን ላይ 3200 ያለ ስህተት ስለሄደ እሱን ነጻ አውጥቼዋለሁ። ቮልቴጁን ከ1.35 በላይ ማሳደግ ይቻላል። አላደረግሁትም። እንጀራ የሚወጣበት ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት ጀብዱ አልወድም።

2933 ላይ አወረድሁት። ሌሊቱን ልሞክረው ብዬ ተውኩት። መብራት ሁለቴ ሄደ። የእኔ ዩፒኤስ አሥር ደቂቃ ነው የሚይዘው። ሁለቴም ከዜሮ ጀመርሁ። ጎንደር ውስጥ ሙሉ ሌሊት የራም ፍተሻ ማካሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደግሞ ባዮስ ልታዘምኑ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ በፍጹም እንዳትነኩት፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ያኔ በእውነት ይሞታል። ቀደምት ራይዘኖች ላይ ባዮስ ማዘመን የራም ጠባይ ያሻሽላል፤ ልፋቱ ያዋጣል። በማግሥቱ ከሰዓት አራተኛው ዙር አለቀ። ቀይ የለም።

ለዚህ ሁሉ ልፋት አሁን ለምን ትኩረት ሰጠሁት? ዋጋው ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ራም ራሱ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ሦስቱም ፊታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች ወደሚያስፈልገው ውድ ራም አዙረዋል። ዲዲአር4ንም በ2025 እ.ኤ.አ. መተው ጀምረው ነበር። ማይክሮን እንዲያውም ታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ገዢ የሚሸጠውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር የእኛን የሰርግ ቪዲዮ ራም በላው ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ገበያ ከቦርዱ ቁጥር በላይ ያለ ራም መግዛት ሞኝነት ነው አልልም። ዋጋው እኩል ከሆነ ወይም የተገኘው እሱ ብቻ ከሆነ ግዙት፤ ወደ ታች ይሠራል። ነገ ቦርድ ስትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል። ልዩነት ከፍላችሁ ግን ለዝግ ባዮስ ፈጣን ራም አትግዙ። ያንን ልዩነት ሁለተኛ ፍሬ ላይ ጨምሩት። ስምንት ጊጋ ያለው ማሽን ዋና ችግሩ ማነስ ነው። ሲሞላ ዲስክ ላይ መበደር ይጀምራል። ያን ጊዜ 2133 ሆነ 3200 ዋጋ የለውም።

ወዳጄ ሊወስደው ሲመጣ ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ውስጡ ለጠፍሁ። በእስክሪብቶ ጻፍሁበት፦ «2933። 1.35። ተፈትሿል። 3200 አትሞክሩ።» ነገ ሌላ ሰው ይከፍተዋል፤ ወይ እኔው ረስቼው እከፍተዋለሁ።

ወዳጄ አነበበው። ከዚያ በጣቱ አሰላ።

«ታዲያ የቀረው 267 የት ሄደ? ከፍዬበታለሁ እኮ።»

«ሻጩን ጠይቀው» አልኩት።

ጥር 14 ቀን ደወለልኝ። ራሙ ደህና ነው። ባሕረ ጥምቀቱን ከሦስት ካሜራ ቆርጦ ጨርሷል፤ ስታክ አላደረገም። አሁን የሞላው ሃርድ ዲስኩ ነው።